መንታ ሮል ባር ለሆት ሮድ፦ በልክ የሚሠራ የአንድ ወርክሾፕ አገልግሎት ግምገማ

መኪናዬ በኪት (ክፍሎቿ ተነጣጥለው) ተገዝታ በእጅ የተገጣጠመች፣ እ.ኤ.አ. የ1933ቱን የፎርድ ሮድስተር ቅርጽ የያዘ የፋይበርግላስ አካል ያላት ሆት ሮድ፣ ማለትም የድሮ መኪና መልክ ይዛ ለፍጥነት የተሠራች መኪና ናት። ጣሪያ የላትም። ከበሮቿ በላይ የሚታየው ዝቅ ያለ የፊት መስታወትና የሁለት ሰዎች ጭንቅላት ብቻ ስለሆነ፣ ብትገለበጥ ከመሬት ጋር ቀድሞ የሚገናኘው ምን እንደሆነ ለመረዳት ስሌት አያሻም። ስለዚህ ከሁለቱ መቀመጫዎች ጀርባ ለየብቻ የሚቆሙ ሁለት ቅስቶች ያሉትን፣ መንታ ሮል ባር የሚባለውን መከላከያ በልክ እንዲሠራልኝ ቱቦ በማጠፍና በመበየድ ሥራ ለተሰማራ አንድ አነስተኛ ወርክሾፕ ትእዛዝ ሰጠሁ። መኪናዋን ከተረከብኩ በኋላ በቂ ጊዜ ስለነዳኋት አሁን ስለ አገልግሎቱ ምስጋናዬንም ቅሬታዬንም በልኩ ማስቀመጥ እችላለሁ። የወርክሾፑን ስም አልጠቅስም፤ ተመሳሳይ ሥራ ለሚያሠራ ሰው ከስሙ ይልቅ አሠራሩ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ወርክሾፑን የመረጥኩት በመጀመሪያው ጥያቄ ምክንያት ነው። ቀደም ብዬ ያነጋገርኳቸው ሁለት ቦታዎች ቁመቱንና ቀለሙን ብቻ ጠይቀው ሥራውን እንደሚችሉት ሲያረጋግጡልኝ፣ የዚህኛው ዋና ባለሙያ ግን የያዝኩትን ፎቶግራፍ ለጥቂት ጊዜ ተመልክተው «ይህ ለጌጥ ነው ወይስ ለመሸከም?» አሉኝ። በትርኢት ላይ ከሚታዩት መንታ ቅስቶች ብዙዎቹ ከቀጭን አይዝጌ ብረት የተሠሩና ከመቀመጫው ጀርባ ባለው የአካል ክፍል ላይ በጥቂት ብሎኖች የታሰሩ ጌጦች ናቸው። ፋይበርግላስ የመኪና ክብደት በአንድ ነጥብ ሲያርፍበት ይሰነጠቃል፤ ቅስቱም ከነብሎኑ ተነቅሎ ሊጠብቀው ወደታሰበው ሰው ይወድቃል። እንዲህ ያለው ጌጥ፣ በግልጽ ጌጥ ነው ተብሎ ከተሸጠ አልቃወመውም፤ የምቃወመው ባለቤቱ በእሱ ተማምኖ ሲፈጥን ነው።

ለመሸከም መሆኑን ስነግራቸው መንታነቱ ራሱ ችግር እንዳለበት አልሸሸጉኝም። ከሻሲው ግራ ጎን እስከ ቀኝ ጎን የሚዘረጋ አንድ ሰፊ ቅስት፣ እግሮቹ የተራራቁ በመሆናቸው ከጎን የሚመጣን ግፊት በደህና ይቋቋማል። ሁለት ጠባብ ቅስቶች ግን በሌላ ብረት ካልተያያዙ በስተቀር እያንዳንዳቸው ብቻቸውን መሬት ላይ እንደተተከሉ ምሰሶዎች ናቸው፤ መኪናዋ በጎኗ ተንከባልላ ስትመጣባቸው እግራቸው ሥር ይታጠፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው የአሜሪካ የድራግ (በአጭር ቀጥ ያለ መንገድ ላይ የሚደረግ የፍጥነት) ውድድር ማኅበር ኤንኤችአርኤ፣ ሮል ባር ቢያንስ የነጂውን ትከሻ ያህል እንዲሰፋ ወይም ከነጂው በር 1 ኢንች እስኪቀረው ድረስ እንዲደርስ፣ ከሄልሜቱም ቢያንስ 3 ኢንች ከፍ እንዲል በደንቡ የሚጠይቀው ይህን የመሰለውን አደጋ አስቦ ነው። እኔ በፎቶግራፉ ላይ የወደድኳቸው ቅስቶች የራስ መደገፊያውን ስፋት ብቻ የያዙ ስለነበሩ ገና ከስፋታቸው ይወድቁ ነበር። ባለሙያው ያቀረቡት ሐሳብ እያንዳንዱ ቅስት ከውጭ እስከ ውጭ 460 ሚሊ ሜትር እንዲሰፋ፣ ሁለቱም ከአካሉ መስመር በታች ዓይን በማያየው ቦታ በሁለት አግዳሚ ቱቦዎች እንዲያያዙ፣ ከእያንዳንዱም ወደ ኋላ የሚወርድ ድጋፍ እንዲኖር ነበር። በመልኩ ምክንያት ሁለት ቀን ተከራከርኳቸው፤ በመሸነፌ አልተጸጸትኩም።

ስለ ብረቱ ምርጫም እንዲሁ ተነጋግረናል። እኔ ክሮሞሊ የሚባለውን 4130 ቅይጥ ብረት ለማዘዝ ቆርጬ ነበር የሄድኩት፤ ስሙ ብቻውን የሚያማልል ነገር አለውና። እሳቸው ግን ክሮሞሊ ከተራው ብረት የሚበልጠው በጥንካሬው እንጂ በግትርነቱ እንዳልሆነ፣ ማለትም ሁለቱ እኩል መጠን ያላቸው ቱቦዎች በትንሽ ግፊት እኩል እንደሚለመጡ፣ ጥቅሙም ግድግዳውን አሳስቶ ክብደት ለመቀነስ እንደሆነ አስረዱኝ። ብየዳው ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ የሚፈልግ፣ ከብየዳውም በኋላ ነፋስ ሳይመታው በዝግታ እንዲቀዘቅዝ የሚያስገድድ ነው። በመንገድ ላይ ለምትነዳ መኪና ጥቂት ኪሎ ግራም ለማትረፍ ይህን ሁሉ መሸከም ትርጉም ስላልነበረው፣ ስፌት የሌለው፣ በቀዝቃዛ የተሳበ ዝቅተኛ ካርቦን ያለው ብረት ተመረጠ።

መጠኑን በተመለከተ ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ኤፍአይኤ ለዋናው ቅስት ከሚቀበላቸው ልኮች ውስጥ የውጭ ዲያሜትሩ 45 ሚሊ ሜትር ሆኖ ግድግዳው 2.5 የሆነና ዲያሜትሩ 50 ሆኖ ግድግዳው 2.0 የሆነ ይገኙበታል። በወረቀት ላይ ካሰላነው ሁለተኛው ይሻላል፤ በአንድ ሜትር 2.62 ኪሎ ግራም ከሚመዝነው ከመጀመሪያው ይልቅ 2.37 ብቻ ይመዝናል፤ ለመታጠፍም 15 በመቶ ያህል ይበልጥ ግትር ነው። ባለሙያው ግን ቀጭኑ ግድግዳ በማጠፊያው ላይ የመጨማደድ፣ ድንጋይ ሲያገኘውም የመሰርጎድ ዝንባሌው ከፍ ያለ መሆኑን ጠቅሰው 45ቱን መረጡ፤ ለትንሿ መኪናም ዓይን የሚቀበለው ውፍረት እሱ ነው። ማጠፊያቸው በቱቦው መሐል መስመር ሲለካ 150 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ያለው ስለሆነ፣ ራዲየሱ ከዲያሜትሩ 3 እጥፍ እንዳያንስ ከሚለው የኤፍአይኤ መስፈርት በላይ ነው። 460 ከሚሰፋው ቅስት ሁለቱ መታጠፊያዎች ድርሻቸውን ሲወስዱ አናቱ ላይ 115 ሚሊ ሜትር ቀጥ ያለ ክፍል ይቀራል፤ ይህ ልክ ቅስቱን ጠፍጣፋም ሾጣጣም ሳያስመስለው በሚያምር ሁኔታ አቆመው። ዋናውን ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አንድ የሙከራ ቱቦ አጥፈው፣ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቀው ውፍረቱን በካሊፐር ለክተው አሳዩኝ፤ በመታጠፊያው ውጫዊ ጎን ግድግዳው ከ2.5 ወደ 2.2 ሚሊ ሜትር ቀንሶ ነበር፤ ነገር ግን አልተጨማደደም፣ አልተደፈጠጠምም። ደንበኛ ሳይጠይቃቸው ቱቦ ሠውተው እንዲህ የሚያሳዩ ሰዎች ብዙ አላጋጠሙኝም።

ቀጥሎ ልኬት መጣ። ሄልሜቴን አድርጌ፣ ቀበቶዬን አጥብቄ፣ የመቀመጫው ስፖንጅ በክብደቴ እስኪጨመቅ ሩብ ሰዓት ያህል ተቀመጥኩ። ከዚያም ከካርቶን በተቆረጠው የቅስቱ አምሳያ አናት ላይ አንድ ቀጥ ያለ ረጅም እንጨት አስደግፈው ሌላውን ጫፉን ከፊት መስታወቱ ሥር ባለው ጠንካራ ክፍል ላይ አሳረፉት። መኪና ስትገለበጥ የምታርፈው በሮል ባሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በሮል ባሩና በፊተኛው አካሏ ላይ ነው፤ ስለዚህ የሰውየው ጭንቅላት በሁለቱ መካከል ከሚሠመረው መስመር በታች መቅረት አለበት። የተለመደው ክፍተት 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን በእኔ መኪና ግን 30 ብቻ ነበር። ቅስቱን ማስረዘም ቀላሉ መፍትሔ ቢሆንም መኪናዋን አንገተ ረጅም ወፍ ያስመስላታል፤ በዚህ ላይ ቁመት በጨመረ ቁጥር በእግሩ ላይ የሚያርፈው የማጠፍ ኃይል ይጨምራል። እነሱ ሮል ባሩን ትተው የመቀመጫውን ሐዲድ በ25 ሚሊ ሜትር ዝቅ አደረጉት። ለሮል ባር የሄደ ሰው ስለ መቀመጫ ሐዲድ ሥራ ሲነገረው ግር ይለዋል፤ እኔንም ግር ብሎኝ ነበር፤ ኋላ ስረዳው ግን ከጉብኝቴ ሁሉ የተማርኩበት ይህ ነበር።

ከሁሉ የረዘመው ክርክር ግን ስለ «ቀጥ ማለት» ነው። ፋይበርግላስ በሻጋታ ውስጥ ሲደርቅ ስለሚኮማተር፣ አካሉም በሻሲው ላይ የሚቀመጠው በስስ ማስተካከያ ላሜራዎች ስለሆነ፣ የኪት መኪና ግራና ቀኝ ፍጹም እኩል ሆኖ አይገኝም። ከሻሲው መሐል መስመር ተነሥተው ሲለኩ የአካሉ የቀኝ የኋላ ጠርዝ ከግራው በ9 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ ተገኘ፤ እኔ መኪናዋን በገዛ እጄ ገጣጥሜ ለዓመታት ስመለከታት ይህን አላስተዋልኩትም። ቅስቶቹ በውኃ ልክ ከሻሲው ጋር እኩል ቢቆሙ ከኋላ ለሚያይ ሰው አንዱ የሰመጠ ይመስላል፤ አካሉን ቢከተሉ ደግሞ በእውነት የተዛነፉ ይሆናሉ። ባለሙያው እግሮቹ ሻሲውን እንዲከተሉ፣ የአናቶቹ ከፍታ ልዩነት ግን በግማሽ ወደ አካሉ እንዲያደላ ወሰኑ። ረዳታቸው የሆነችው ወጣት በያጅ አናቶቹ በሚውሉበት ቦታ ወረቀት ማጣበቂያ ለጥፋ፣ ዐሥር እርምጃ ወደ ኋላ እየሄደች፣ አንዴ ቁጢጥ አንዴ ቀና እያለች ከግማሽ ቀን በላይ አስተካከለችው። በዚያን ጊዜ ሰዓት የሚያባክኑ መስሎኝ ነበር፤ ዛሬ ከኋላ ሳያት ዓይኔ የሚሰናከልበት ነገር የለም።

ከአካሉ በታች ያለው ሥራ የማይታይ ቢሆንም የሮል ባሩ ነገር የሚወሰነው እዚያ ነው። ወለሉ ስስ አሉሚኒየም ስለሆነ እግሮቹ ምንም ሳይነኩት አልፈው በቀጥታ በሻሲው ቱቦዎች ላይ ተበይደዋል። አካሉን አንድ ቀን ማንሳት የግድ ስለሚሆን የላይኛዎቹ ቅስቶች ተነቃይ ሆነው ነው የተሠሩት፤ ከሻሲው ወደ ላይ የሚወጣው እጀታ በቅስቱ እግር ውስጥ 90 ሚሊ ሜትር ይገባል፤ እርስ በርሳቸው በቀጤ ነክ የተላለፉ የጥንካሬ ደረጃቸው 8.8 የሆነ ሁለት የ10 ሚሊ ሜትር ብሎኖችም ያስሩታል። ኤፍአይኤ ዋናው ቅስት ያለ መገጣጠሚያ ከአንድ ቱቦ እንዲሠራ ስለሚጠይቅ ይህ አሠራር ለውድድር ፍተሻ እንደማይበቃ አስቀድመው ነግረውኛል፤ በጽሑፍም አስፍረውታል። የኋላ ድጋፎቹ ከቁም መስመሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ተዘቅዝቀው፣ ከቅስቱ አናት 110 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብለው ተያይዘዋል። እኔ በኋለኛው ሽፋን ላይ የሚበሱት ቀዳዳዎች እንዳይታዩ ድጋፎቹ ወደ ታች እንዲወርዱልኝ ብፈልግም፣ ዝቅ ብሎ የተያዘ ቅስት ከመያዣው በላይ ያለው ክፍሉ ያለ ድጋፍ እንደሚቀር በመግለጽ እንቢ አሉኝ። ቀዳዳዎቹ በእያንዳንዱ ጎን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተትቶላቸው በጎማ ተሸፍነዋል፤ ሻሲውና አካሉ ለየራሳቸው ስለሚወዛወዙ ብረቱ ፋይበርግላሱን ከነካው ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር መሰንጠቁ አይቀርም። በሻሲው ላይ ከመበየዳቸው በፊት የነዳጅ ታንኩን ማውጣታቸውን፣ ባትሪውንና የሞተሩን ኮምፒዩተር መንቀላቸውን በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ይጀምራል። ቅስቶቹና አግዳሚዎቹ በመኪናዋ ላይ ተገጥመው በነጥብ ብየዳ ከተያዙ በኋላ፣ ለዋናው ብየዳ ወጥተው በተራ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ያለ ምንም ማሰሪያ ተቀመጡ። ብየዳው በአርጎን ነበር፤ መልኩም እንከን አልነበረውም። ነገር ግን የቀለጠ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚሰበሰብ፣ ያልታሰረ ቱቦም በተበየደበት ጎን ስለሚሳብ፣ የተሳፋሪው ቅስት እግሮች ወደ ውስጥ በ6 ሚሊ ሜትር ቀርበው በእጀታዎቹ ላይ አልገባ አሉ። ዋናው ባለሙያ በዕለቱ አልነበሩም፤ በቦታው የነበሩት ሠራተኞች እግሮቹን በክሪክ ከፍተው ብሎኑን ለማስገባት ተዘጋጁ። እንዳይነኩት ጠየቅኩ። በግድ ተከፍቶ የታሰረ ቱቦ በቦታው ይቀመጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ገና ምንም ሳይደርስበት በብየዳው ጥግ ላይ የማያቋርጥ ውጥረት ይዞ ይቀራል፤ የመንገዱ ንዝረት ሲጨመርበት ስንጥቅ የሚጀምረውም እዚያው ነው። በማግስቱ ባለሙያው መጥተው ቀጥ ያለ ብረት አስጠግተው ካዩት በኋላ፣ ማንንም ሳይወቅሱ መቁረጫውን አንሥተው ሁለቱን አግዳሚዎች ቆረጧቸው። ሁለተኛው ብየዳ እግሮቹ በወፍራም የብረት ጠረጴዛ ላይ በብሎን ታስረው፣ በአጭር በአጭሩ፣ አንዴ በአንደኛው ጎን አንዴ በተቃራኒው እየተፈራረቀ፣ በመካከሉም እየቀዘቀዘ ተሠራ፤ በእጄ ገፋ አድርጌው ገባ። የገዛ ሥራቸውን ለመቁረጥ አለማመንታታቸውን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ የዚህ ሙያ ሀሁ የሆነውን ማሰሪያ መጀመሪያውኑ ለምን ተዉት? ሥራው በዚህ ምክንያት ከተባለው ቀን አምስት ሳምንት ዘግይቷል፤ መዘግየቱንም የነገረኝ የለም፤ እየደወልኩ ነው የሰማሁት።

የቀለሙ ጉዳይ አጭር ነው። ክሮም ፈልጌ ነበር፤ እነሱ ግን ለክሮም ሲባል ብየዳው ተሞርዶ እንዲለሰልስ እንደማይፈቅዱ፣ መስታወት የመሰለው ሽፋንም ስንጥቅ ቢመጣ እንደሚደብቅ፣ በመለበጫው ጊዜ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚቀር አሲድም ቆይቶ እንደሚያንጠባጥብ ሲነግሩኝ ጥቁር የዱቄት ቀለም አስቀባሁት። በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚጋገር ቀለም ስለሆነ የተዘጉት ቱቦዎች አየር የሚያስወጡበት ትናንሽ ቀዳዳ ከሥር ተበስቶላቸዋል። ነገር ግን እጀታዎቹንና የሮንዴላ መቀመጫዎቹን ሳይሸፍኑ ቀቧቸው፤ በብሎን ሥር የቀረ ወፍራም ቀለም በጊዜ ስለሚደቅቅ ማጥበቂያው ይላላል። ብሎኖቹ ላይ አስምሬው የነበረው የቀለም ምልክት ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በኋላ ከሦስቱ ላይ ዞሮ ስላገኘሁት ሁሉንም ፈትቼ፣ ቀለሙን ፍቄ፣ እንደገና ራሴ አጠበቅኳቸው። ከወርክሾፑ የጠበቅኩት ይህን አልነበረም።

ከአግዳሚዎቹ የላይኛው የትከሻ ቀበቶዎች ማሰሪያም ነው። ቀበቶው ከትከሻ ወደ ኋላ ሲሄድ አግድም ወይም በትንሽ ዲግሪ ብቻ ዝቅ ማለት አለበት፤ ማሰሪያው ወደ ወለሉ ከወረደ በግጭት ጊዜ ትከሻን ወደ ታች ጎትቶ አከርካሪን ይጨምቃል። በዚህ በኩል ልኬታቸው ትክክል ነው። ከጭንቅላት ጀርባ ያለው ቱቦ በጠንካራ ስፖንጅ የተሸፈነ ቢሆንም ያ ስፖንጅ የተሠራው ሄልሜት ላጠለቀ ሰው እንደሆነ፣ ለባዶ ጭንቅላት ግን ከብረቱ ብዙም እንደማይለይ አስጠንቅቀውኛል። እዚህ ላይ ሁለት ፍላጎቶች ይጋጫሉ፤ የውድድር ደንቦች ቅስቱ ለሄልሜቱ እንዲቀርብ ይሻሉ፣ ያለ ሄልሜት መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው ግን ብረቱ በራቀ ቁጥር ይሻላል። ከሄልሜቱ ጀርባ 140 ሚሊ ሜትር ላይ አቆሙት፤ በመካከሉም ረጅም የራስ መደገፊያ ያለው መቀመጫ እንድጠቀም ግድ አሉኝ።

ወደዚህ ወርክሾፕ ተመልሼ እሄዳለሁ ወይ ቢባል፣ እሄዳለሁ፤ ነገር ግን ብየዳው በማሰሪያ ላይ እንዲሠራና የመገጣጠሚያዎቹ ገጽ ከቀለም እንዲሸፈን በትእዛዙ ወረቀት ላይ አስጽፌ ነው። መኪናዋን ስረከብ የቱቦውን ዓይነትና ውፍረት፣ የብሎኖቹን መጠንና ማጥበቂያ ኃይል፣ የተለካሁበትንም የመቀመጫ ከፍታ የያዘ አንድ ገጽ ሰጥተውኛል፤ ከሥሩም መለኪያው ለእኔ ቁመት ብቻ መሆኑንና ሌላ ሰው ሲቀመጥ በእንጨቱ እንደገና መለካት እንዳለበት በእጅ ተጽፏል። ባለፈው ሳምንት ከእኔ የሚረዝም ወዳጄ ሄልሜት አድርጎ በቀኙ መቀመጫ ሲቀመጥ እንጨቱን አስደግፌ ለካሁት። መስመሩ ሄልሜቱን ነካው፤ የእሱንም ወገን ሐዲድ ዝቅ እንዲያደርጉልኝ ቀጠሮ ይዣለሁ።